የሦስት ቀን እንግዳ

አባቴ ሶዶ የሄደው ለሦስት ቀን ነበር። ዘመኑ 1955 ዓ.ም. ነው። አንድ የአዲስ አበባ እህል ነጋዴ ‹‹ያልተከፈለኝ ገንዘብ አለ፤ ሂድና ተቀብለህልኝ ና›› ብሎ ላከው። ባለዕዳው ዛሬ ነገ ሲል፣ ነገም በተራው ከነገ ወዲያ ሲሆን፣ ሦስቱ ቀን አርባ አንድ ዓመት ሆኖ ቁጭ አለ። በ1996 ዓ.ም. የቀበርነውም እዚያው፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ነው። ነጋዴው ገንዘቡን ያግኝ አያግኝ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ልጅ ሆኜ ‹‹አባባ፣ ለምን እዚህ ቀረህ?›› ስለው መልሱ እንደ ቀኑ ይለያይ ነበር። እናቴ አጠገቡ ካለች ‹‹እናትህን አይቼ ነዋ!›› ይላል። ከሌለች ‹‹አየሩ ተስማማኝ››። ቤት ውስጥ እንግዳ ካለ ደግሞ ስለ ወላይታ ሰንጋ ማውራት ይጀምራል። እውነቱን የነገረኝ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። በአራተኛው ቀን የመንገድ ገንዘቡ አለቀበት። አንዲት ሻይ ቤት ገብቶ ቁርሱን በላና ሳንቲም እንደሌለው ለባለቤቲቱ ነገራት። የሷ አማርኛ ስብርብር ያለ ነው፤ የሱ ወላይትኛ ደግሞ ጭራሹን የለም። ‹‹ስታገኝ ትከፍላለህ›› አለችው። በማግስቱም እዚያው ሄደ። ‹‹ልጄ፣ ዱቤ የሰጠህን አገር ጥሎ መሄድ ከባድ ነው። ከፍዬ ልሂድ ስል ሌላ ዱቤ፣ እሱን ከፍዬ ልሂድ ስል ደግሞ ሌላ፤ መቼ ያልቃል?›› ብሎኝ ሳቀ።

ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ዓመት ሶዶ ላይ የተቀመጥኩበት አንድ ስብሰባ ነው። ርእሱ ባጭሩ ‹‹ከተማችንን ለጎብኚና ለአዲስ ነዋሪ ሳቢ እንዴት እናድርጋት?›› የሚል ነበር። መቼም የእኛ ስብሰባ ዘንባባ ሳይተከልበት አይበተንም። የመንገድ መብራት፣ ፏፏቴ (የሲሚንቶውን ማለቴ ነው)፣ ባለኮከብ ሆቴል፣ ሰፊ አስፋልት ተደረደረ። ከፊሉ እውነት ነው፤ በጨለማ ጉድጓድ እየዘለለ መሄድ የሚወድ የለም። እኔ ግን ገና ርእሱ ላይ፣ ‹‹ከተማ›› የሚለው ቃል ላይ ቆሜ ቀረሁ። የድሮ የሥነ ጽሑፍ መምህር አመሉ ነው፤ ቃል ካገኘ ሥሩን ሳይቆፍር አያልፍም።

‹‹ከተማ›› የ‹‹ከተመ›› ልጅ ነው። መክተም ደግሞ መስፈር፣ ድንኳን ተክሎ መቀመጥ ነው። ንጉሥ ሠራዊቱን ይዞ ሲከትም ያ ቦታ ከተማ ይባል ነበር። እንግዲህ በቃላችን ውስጥ ያለው ከተማ ሰው ወድዶ የሚመጣበት ሳይሆን ጦር የሚያርፍበት ነው። የሶዶም ታሪክ ከቃሉ ብዙ አይርቅም።

ከጦሩ በፊት የነበረውን እንዳንዘል። በዳሞታ ደቡብ ምዕራብ ገጽ ላይ ሞጬና ቦራጎ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ቆፍረው ወደ 50 ሺሕ ዓመት የሚጠጋ የሰው አሻራና ከባልጩት የተሠሩ ስለቶች አግኝተውበታል። የአካባቢው የመጀመሪያ ‹‹አዲስ ነዋሪዎች›› እነዚያ ናቸው ብንል አንሳሳትም። የመረጡትም ዝናብ የማያስገባ ጣሪያ ነው፤ ዘንባባ አልጠየቁም።

ከዚያ ብዙ ዘመን ወዲህ የወላይታ ነገሥታት፣ ካዎዎቹ፣ አገራቸውን በኬላ አጥረው ነበር። በካዎ አማዶና በካዎ እጃጆ ስም የሚጠሩት ኬላዎች ቅሪታቸው ዛሬም አለ። ኬላ ግን በር አለው። ወላይታ ውስጥ ሰው ጎሳውን ሲቆጥር ብትሰሙ አንዱ ከዳውሮ፣ ሌላው ከጋሞ፣ ሌላው ከከምባታ፣ አንዳንዱም ከሰሜን ይመጣላችኋል። የመጨረሻው ሥርወ መንግሥት ራሱ ትግሬ ማላ ይባላል፤ ምንጩን የሚቆጥረው ከትግራይ ነው። ዙሪያውን ያጠረ አገር ከሩቅ መጣሁ የሚል ዘር አንግሦ ኖረ ማለት ነው። ለኔ ከሁሉም የሚደንቀኝ ይኸ ነው፤ እስብሰባው ላይ ግን ያነሣው ሰው አልነበረም። እኔም አላነሣሁም፤ ሰዓቱ የምሳ ሆኖ ነበር።

የዚያ ሥርወ መንግሥት የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና ነው። በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዘመቱበት። ዘመቻውን ተከትሎ የሄደ ቫንደርሄይም የተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ ያየውን ጽፎ እ.አ.አ. በ1896 ፓሪስ ላይ አሳትሟል። ያን ያነበበ ሰው በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም። ጦና ቆስሎ ተማረከ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰደ። በምርኮ የተነዳው ሕዝብም ብዙ ነው። አዲስ አበባ ያኔ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። እስቲ ልብ በሉልኝ፤ ከወላይታ በብዛት አዲስ አበባ የገባው የመጀመሪያው ሰው ከተማዋ የሳበችው አይደለም፤ ተጎትቶ የመጣ ነው። ‹‹ሳቢ ከተማ›› ሲባል ጆሮዬን የሚኮረኩረኝ ለዚህ ነው። በአማርኛ መሳብና መጎተት ጎረቤት ናቸው።

ሶዶም ከዚያ በኋላ ያደገችው የጦርና የሹም ሰፈር ሆና ነው። ገበሬው ወደሷ የሚወጣው ግብር ሊያገባ፣ ሊከስ ወይም ሊከሰስ ነበር። እ.አ.አ. በ1928 የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች መጡና በኋላ ኦቶና ላይ ሆስፒታል ተከሉ። በሽተኛ ልጁን አዝሎ የሚመጣ አባት ከሹም ፊት ከሚቆመው የተለየ እግር አለው፤ ከተማዋን ሰው በራሱ ጉዳይ የሚፈልጋት ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል። ጣልያን ገባ፤ በግንቦት 1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጣ። በዚህ ላይ አልቆይም።

ቀጥሎ የመጣው ማግኔት ወንበር ነው፤ የመንግሥት ወንበር። ይርጋለም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። በ1950ዎቹ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ከተማ ሲቆረቆር ወንበሩ ተነሥቶ ወደዚያ ሄደ። የጋሞ ጎፋው ወንበርም በነዚያው ዓመታት ከጨንቻ ደጋ ወርዶ አርባ ምንጭ ተቀመጠ። የይርጋለም አየር አልተለወጠም። የጨንቻ ፖምም ማፍራቱን አልተወም። ባለጉዳዩ ግን ወንበሩን ተከትሎ ሄደ። ሶዶ በዚያ ሁሉ ጊዜ የሌላ ሰው አውራጃ ነበረች፤ በንጉሡ ዘመን የሲዳሞ፣ በኋላ ደግሞ የሰሜን ኦሞ ዞን አካል ሆና አርባ ምንጭን ደጅ የምትጠና።

በመሐል ዋዱ መጣ። እ.አ.አ. በ1970 በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረ የእርሻ ልማት ድርጅት ነው። ለኔ ዕድሜ ሰዎች ዋዱ ማለት የላንድሮቨር አቧራና ቁምጣ የለበሰ ባለሙያ ነው። ድርጅቱ ከያዛቸው ሥራዎች አንዱ ከተጨናነቀው ደጋ ቤተሰቦችን አንሥቶ አበላና በሌ ቆላ ላይ ማስፈር ነበር። ሰው ወደ ከተማ ሳይሆን ወደ ወባ አገር እየወረደ የሚሰፍረው መሬት ሲያልቅበት ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የወላይታ ዞን በ4,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም መሬት ላይ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ ይዞ ተገኘ፤ ከተሜው ከመቶ 12 እንኳ አይሞላም። ሶዶ ደግሞ በ1987ቱ ቆጠራ 36 ሺሕ ግድም ነበረች፤ በ1999 ወደ 76 ሺሕ ደረሰች። በአሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ከእጥፍ በላይ! ታዲያ ከተማው ነው የሳበው ወይስ ማሳው ነው የገፋው? ሁለት ጥማድ የማይሞላ የአባት መሬት ለአምስት ወንድማማች ሲካፈል አምስተኛው ሶዶ ይመጣል። ‹‹ምን ማርኮህ መጣህ?›› ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

ራቨንስታይን የሚባል ጀርመን ተወላጅ የካርታ ሊቅ እ.አ.አ. በ1885 የእንግሊዝን የሕዝብ ቆጠራ አገላብጦ ለንደን ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። አብዛኛው ፈላሽ አጭር መንገድ ነው የሚሄደው አለ፤ የገጠሩ ወደ ቅርቡ ከተማ፣ የቅርቡ ከተማ ሰው ወደ ትልቁ፣ የለቀቀውን ቦታ ደግሞ ከኋላ የመጣው ይሞላዋል። የሚሄድ ጅረት ባለበትም የሚመለስ ጅረት አይጠፋም። ሶዶ መናኸሪያ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው ይህን ሳያነብ ያውቀዋል። ከሁምቦ፣ ከቦዲቲ፣ ከአረካ የመጣው ይወርዳል፤ የሶዶው ልጅ የሊስትሮ ሣጥኑን ወይም የሎተሪውን ሕልም ይዞ ወደ አዲስ አበባ ይሳፈራል። የሚመለሰው ጅረት የሚታየው መስከረም ላይ፣ ለጊፋታ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሳንቲም አጠራቅሞ በሬ የሚገዛው ቡድን የቀረበትን ሰው ይቆጥራል፤ የቀረውም በሩቁ ያዝናል።

ወደ ወንበሩ ልመለስ። በ1992 ዓ.ም. ‹‹ወጋጎዳ›› የተባለ፣ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ ቀላቅሎ የተሠራ መማሪያ ተማሪ ቤት ሲገባ ሶዶ ተነሣች። ሰው ሞተ። በ1993 ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፤ ሶዶም ወንበር አገኘች። በ1999 ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ፤ ከየክፍለ ሀገሩ ልጆች ሻንጣቸውን እየጎተቱ መጡ። በመጨረሻ ነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የአስተዳደሩ መቀመጫ ወላይታ ሶዶ ሆነች። እነሆ፣ ስንት ዘመን ወደ ይርጋለም፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ አርባ ምንጭ ስትመላለስ የኖረች ከተማ ዛሬ ሌላው ወደሷ ይመላለስባታል።

ጎብኚውስ? ሶዶ ለጎብኚ የምሳ ከተማ ናት። የአርባ ምንጩ፣ የሆሳዕናው፣ የሻሸመኔው፣ የሳውላውና የዳውሮው መንገድ እዚህ ይገናኛል። መንገደኛው ቁርጡን በዳጣ እያጠቀሰ ይበላል፣ ያልበዋል፣ ያመሰግናል፣ ይሄዳል። ከአረካ አለፍ ብሎ የአጆራ መንታ ፏፏቴ እንዳለ የሚያውቀው ስንቱ ነው? በመጋቢት 2010 ወላይታ ድቻ የግብፁን ዛማሌክ ከአፍሪካ ውድድር ሲያሰናብት የአገሩ ስም ካይሮ ደረሰ፤ የአገር ቤቱን ጨዋታ ለማየት ግን የሶዶ ሰው ሐዋሳ መሄድ ነበረበት። ይቺ እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። የአባቴን ቤት ይዛ ሶዶ የቀረችው ታናሽ እኅቴ ናት። ከኋላ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለአንድ መምህር አከራይታ ስምንት ዓመት ኖሩ። ልጁ የተወለደው እዚያ ግቢ ነው። ክልሉ እንደተመሠረተ ሰሞን ደወለችልኝ።

‹‹ጋሼ፣ ከሐዋሳ የተዛወረ ሰው ቤቱን በእጥፍ እወስዳለሁ አለኝ። ምን ላድርግ?››

ከተማ ሲያድግ እንዲህ ነው፤ ደስ ይላል እንጂ አይከፋም አልኳት። ‹‹ለመምህሩ ንገሪውና እንደ ገበያው አድርጊ።››

ዝም አለች። ከዚያ ‹‹አባባ ቢሆን?›› አለችኝ። የልጆቿን የትምህርት ወጪ አስታወስኳት። የኔም ምክንያት አላጣሁም፤ ጣሪያው ቆርቆሮ መቀየር ነበረበት። መምህሩ አልተከራከረም። ዕቃውን በአንድ ጋሪ ጭኖ ቦዲቲ ገባ፤ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ወደ ሥራው ይመላለሳል። አዲሱ ተከራይም ክፉ ሰው አይደለም። ሐዋሳ ልጆቹን ጥሎ የመጣ፣ ማታ ማታ ብቻውን ቴሌቪዥን የሚያይ ጨዋ ነው። ‹‹ከተማው እንዴት ነው?›› ብዬው ነበር። ‹‹እስካሁን የማውቀው ከመሥሪያ ቤት እቤት ያለውን መንገድ ነው›› አለኝ። ሁለት ዓመቱ ነው።

ከስብሰባው ማግስት ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ደረስኩ። በሩ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ከጎኔ ሦስት ልጆች አንድ ፌስታል ለሦስት ይዘው አውቶቡሱን ያያሉ፤ ትልቁ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ከወዲያ ጥግ አንድ ሰው ቆሞ እጅ ነሣኝ። መምህሩ ነው። ከቦዲቲ በመጀመሪያው ሚኒባስ መምጣቱ ነው። ጤናዬን ጠየቀ፤ የእኅቴን ልጆች አንድ በአንድ በስማቸው ጠየቀ፤ የቆርቆሮው ጉዳይ አለቀ ወይ አለኝ። አለቀ አልኩት። ከረፈደብኝ ልሂድ ብሎ ደብተሮቹን አቅፎ ወጣ።

ሒሳብ ልከፍል እጄን ኪሴ ስከት አስተናጋጁ ልጅ ራሱን ነቀነቀ።

‹‹ተከፍሏል›› አለኝ።