ስለ ጥንት የጸራቢ መሣሪያ

የአንድ ደብር ታሪክ ሲጻፍ ማን እንዳሠራው፥ ጽላቱ ከወዴት እንደ መጣ፥ ማን እንደ ባረከው፥ ርስቱንና ጉልቱን ማን እንደ ሰጠው ይነገራል። ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን በሩን የጠረበው መጥረቢያ፥ መስኮቱን የፈለፈለው መሮ ወዴት እንደ ደረሰ የሚጠይቅ ሰው ከብዙ አንድ አይገኝም። የነገሥታቱ ስም በታሪከ ነገሥት ተጽፎ ይኖራል፤ መሣሪያው ግን ወይ በዕቃ ቤት ጥግ ዝጎ ተጥሏል፥ ወይ ለአሮጌ ብረት ገዢ በሚዛን ተሸጧል።

መጽሐፍ ቅዱስ ግን እንዲህ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ድንኳኑን እንዲሠሩ የተመረጡት ባስልኤልና ኤልያብ በየስማቸው ተጠርተዋል፤ ዕንጨት መቅረጽም ከወርቅና ከብር ሥራ ጋራ ከጥበባቸው ተቈጥሯል። ጌታችንም በሰው ዘንድ የጸራቢ ልጅ ተብሏል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈው የነቢዩ ኤልሳዕ ነገር ነው። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ በዮርዳኖስ ዳር ዕንጨት ሲቈርጥ የምሳሩ ብረት ከውኃው ወደቀ፤ የተዋሰው ነበረና ጮኸ። ነቢዩም ብረቱን አስንሳፈፈለት። ያ ሰው የጮኸው ስለ ወርቅ እንዳልሆነ፥ ተኣምራቱም የተደረገው ስለ አንድ ድኻ ምሳር እንደ ሆነ ልብ ማለት ይገባል። በዚያ ዘመን ብረት ውድ ነበረና መሣሪያ ያለው ሰው ለጎረቤቱ ያውሰዋል፤ የተዋሰውም ሰው እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል።

በኢትዮጵያ የዕንጨት ጥበብ ምን ያህል እንደ ከበረ የሚመሰክረው፥ ነገሩ እንግዳ ቢመስልም፥ ድንጋይ ነው። በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ ተወስዶ በ1997 ዓ.ም. የተመለሰው፥ በ2000 ዓ.ም. በስፍራው የቆመው የአክሱም ሐውልት ቁመቱ 24 ሜትር ያህል ነው። በላዩ የተቀረጸው በርና መስኮት፥ በየደርቡም በተርታ የሚታየው ክብ የዕንጨት ጫፍ፥ ሁሉ የአናጢ ሥራ አምሳል ነው። የአክሱም ሰዎች ቤት ሲሠሩ በድንጋዩ ግንብ መካከል ዕንጨት እያጋደሙ፥ ያንንም በአጫጭር ዕንጨት ከግንቡ ጋራ ያስሩት ነበር። የአጭሩ ዕንጨት ጫፍ ከግንቡ ወጥቶ ይታያልና የዝንጀሮ ራስ ይባላል። የዚያ ዘመን ቤቶች ዕንጨት በስብሶና ተቃጥሎ ጠፍቷል፤ ድንጋይ ጠራቢው ግን የአናጢውን ሥራ ቈጥሮ በሐውልቱ ላይ አስቀመጠው። በላሊበላም ቤተ አማኑኤል ከአንድ አለት ተፈልፍሎ ሳለ በውጭው ፊት ላይ የዕንጨትና የግንብ ተራ ያለበት ሕንፃ ይመስላል። በአለት ውስጥ ዕንጨት ማስገባት ምን ያስፈልግ ነበር? ቤተ ክርስቲያን ማለት በአናጢ እጅ የታሰረ ቤት እንደ ሆነ በጠራቢዎቹ አሳብ ተተክሎ ስለ ነበረ ነው።

ዕንጨቱ ራሱ ሳይጠፋ የቆየባቸው ስፍራዎችም አሉ። በትግራይ በደብረ ዳሞ፥ ወንድ ሁሉ በገመድ ተስቦ በሚወጣበት አምባ ላይ፥ የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ገበታዎች በአራዊትና በእንስሳት ሥዕል ተቀርጸዋል። በላስታ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በዋሻ ውስጥ ተሠርቶ ዝናብና ፀሓይ ስላላገኘው የዕንጨቱና የነጩ ግንብ ተራ እስከ ዛሬ ድረስ እንደ ተሠራ ሆኖ ይታያል። በጣና ሐይቅም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ በሮች ወፍራም ገበታ ናቸው። እንዲህ ያለ በር የሚዞረው በብረት ማጠፊያ አይደለም፤ ከገበታው ከራሱ ላይና ታች የተተወው ሾጣጣ ጫፍ በመድረኩና በጉበኑ ጉድጓድ ገብቶ ይዞራል እንጂ። ብረት የሌለው ማጠፊያ ዝገት አያገኘውም፤ ሲበላም ቀስ ብሎ ይበላል፥ ድንገት ተሰብሮ አይወድቅም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በምን ተሠራ ቢሉ፥ መሣሪያው ጥቂት ነው። ዛፍ የሚጥል ምሳር፥ ግንድ የሚሰነጥቅ ሽብልቅና መዶሻ፥ ስለቱ ከዛቢያው ጋራ ተጋድሞ የተሠራ መጥረቢያ፥ መሮ፥ መሰርሰሪያ፥ መለኪያ ገመድ፥ መሳያ ድንጋይ። አናጢው የጽዱን ወይም የዋንዛውን ግንድ በሽብልቅ ይሰነጥቀውና ሁለቱን ገጽ በመጥረቢያ እየጠረበ ገበታ ያወጣል። ከአንድ ግንድ የሚወጣው ገበታ እጅግ ጥቂት ነው፤ የቀረው ፍልጥና ፍቅፋቂ ይሆናል። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የመጡ መንገደኞች ይህን አይተው ብዙ ዕንጨት በከንቱ ይጠፋል ብለው ነቅፈዋል። ነቀፋቸው በከፊል እውነት ነው፤ ሁሉን ግን አላዩም። በሽብልቅ የተሰነጠቀ ዕንጨት የሚለያየው በራሱ ጭረት ተከትሎ ነውና ሥሩ አይቈረጥም፤ ውኃም በተቈረጠ ሥር እንደሚገባ አይገባበትም። መጋዝ ግን ሥሩን ሳይመርጥ አቋርጦ ይሄዳል። ገበታው ቀጥ ያለና ብዙ ይሆናል፥ ዕድሜው ግን ሊያጥር ይችላል።

መጋዝ የሚለው ነገር ለካህናት እንግዳ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን መስከረም 6 ቀን የምታስበው ነቢዩ ኢሳይያስ በምናሴ ትእዛዝ በመጋዝ እንደ ተተረተረ ይነገራል፤ ይህን የሚያወራው ዕርገተ ኢሳይያስ የሚባለው መጽሐፍም ሳይጐድል ተሟልቶ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ግንድ የሚተረትረው፥ አንዱ ሰው ከላይ ሌላው ከታች ሆነው የሚስቡት ረዥም መጋዝ ግን በሥራ ላይ የበዛው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የህንድ አናጢዎችና ግንበኞች በአዲስ አበባ ሲሠሩ፥ ባሕር ዛፍም ሲስፋፋ፥ ምስማርና ቆርቆሮም ሲበዛ የአናጢው ሥራ መልክ ተለወጠ።

ይህ ለውጥ በዕንጨቱ ፊት ላይ ተጽፏል፤ ፊደሉንም ማንበብ አያስቸግርም። መጥረቢያ የነካው ገጽ ጐድጐድ ያሉ ትንንሽ ጭረቶች እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበው ይታዩበታል። በእጅ የሚሳብ መጋዝ ያለፈበት ግን ቀጥ ያሉ መስመሮች አሉበት። በሞተር የሚዞር ክብ መጋዝ የቈረጠው መስመሩ እንደ ቀስት ጐባጣ ነው። መላጊያ ያለሰለሰው ደግሞ ይህን ሁሉ አጥፍቶታል። ስለዚህ መብራት ይዞ ወደ በሩ ጎን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የትኛው ገበታ የመጀመሪያው፥ የትኛው በኋላ የተጨመረ እንደ ሆነ ያለ መጽሐፍ ይለያል። አሮጌውን በር አሳምራለሁ ብሎ በመላጊያ የሚልገው ሰው ብራናን ፍቆ እንደሚጽፍ ሰው ነው፤ አዲስ ጽሕፈት አገኘ፥ የቀደመውን ግን አጠፋ።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባ አንድ መራራ ነገር አለ። ይህን መሣሪያ ያወጣው ቀጥቃጭ ነው፤ ቀጥቃጩ ግን ጠይብና ቡዳ እየተባለ ሲናቅና ሲፈራ ኖሯል። በእርሱ እጅ በተሠራው መጥረቢያ የተጠረበውን በር ካህኑ ይሳለማል፤ መጥረቢያውን የሠራውን ሰው ግን ሕዝቡ ከማዕዱ ያርቀዋል። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ቤተ እስራኤል በግንብም፥ በዕንጨትም፥ በብረትም ሥራ የታወቁ ነበሩ፤ ለነገሥታቱም ሠርተዋል። ክርስቲያኑ ቤት በሌላ ሃይማኖት ሰው እጅ መሠራቱ የሚያሳፍር አይደለም፤ ሰሎሞንም የጢሮስን ሰዎች አስመጥቶ አሠርቷል። የሚያሳፍረው ስድቡ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ አስነግረዋል፤ ዐዋጁ ግን በአንድ ቀን ተነገረ እንጂ ልማዱ በአንድ ቀን አልጠፋም። ከእነዚያ ቀጥቃጮች የአብዛኛዎቹ ስም አልተጻፈም። የቀረው እጃቸው የነካው ብረት ብቻ ነውና፥ ያንን ለቅሞ ማኖር ከስሙ መጥፋት ጥቂቱን መመለስ ነው።

የመሣሪያው ነገር ለአናጢ ብቻ የተተወ አልነበረም። የመጽሐፍ ደጓሽም ዋንዛ ጠርቦ ገበታ ያወጣ፥ ጠርዙን ያስተካክል፥ ጅማቱ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ይበሳ ነበር። በብዙ አሮጌ መጻሕፍት ቆዳው በተቀደደበት ስፍራ የገበታው ገጽ ይታያል፤ በዚያም የመጥረቢያው ጭረት ሳይላግ ቀርቶ ይገኛል። ከቆዳ በታች የሚሰወረውን ማለስለስ ደጓሹ እንደ ከንቱ ድካም ቈጥሮታል፤ ደግ አድርጎ ነው። ከበሮ የሚፈለፍለውም፥ መቋሚያ የሚያበጀውም፥ ሥዕል የሚሣልበትን ገበታ የሚያዘጋጀውም በዚሁ መሣሪያ ነበር።

አሮጌ መሣሪያ ከሰበሰቡ በኋላ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ሰዎችን ይከፍላል። አንዳንዱ ታጥቦ በመስታወት ውስጥ ይቀመጥ ይላል። ይህ ከመጣል ይሻላል፤ እጅግ ያረጀውና የተሰነጠቀውም ከዚህ በቀር ስፍራ የለውም። ነገር ግን የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ በመስማት ብቻ ባለቅኔ እንደማይሆን፥ ራሱ እየቈጠረ በመምህሩ ፊት እየተነቀፈ እንደሚማር፥ መጥረቢያም ካልጠረበ ምን እንደ ሆነ አይታወቅም። ስለቱ በየት እንደሚገባ፥ ዛቢያው ምን ያህል መርዘም እንዳለበት፥ ጽዱ በየት በኩል እንደሚሰነጠቅ የሚያውቀው እጅ ነው፤ እጁም ሲሞት ዕውቀቱ አብሮ ይቀበራል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም. ዴሪክ ማቲውስ የሚባል እንግሊዛዊ የሕንፃ ዐዋቂ የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያን ባሳደሰ ጊዜ ሥራው ሕንፃው በቀደመው መልኩ እንዲቆም ነበር። እንዲህ ያለ እድሳት ዕንጨትን እንደ ጥንቱ መጥረብ የሚችል ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው በማይገኝበት አጥቢያ አሮጌው በር ይወልቅና የብረት በር ይገባል፤ ምክንያቱም ቀላል ነው፥ የብረት በር የሚበይድ ሰው በሁሉ ስፍራ አለ።

እንግዲህ መሣሪያ የሚሰበስብ ደብር ቸኩሎ በሞረድና በአሸዋ አይፈግፍገው። በብረቱ ላይ የቀጥቃጩ የመዶሻ ምልክት አለና እርሱ እንዲጠፋ አይገባም፤ ዝገቱን በቅባት እያራሱ በጨርቅ ማንሣት ይበቃል። ስለቱም በሚዞር የሞተር ድንጋይ ከተሳለ ይግልና ጥንካሬው ይጠፋል፤ በውኃ በራሰ መሳያ ድንጋይ በትዕግሥት ይሳል። ዛቢያው በነቀዝ ከተበላ በደረቀ ወይራ ይተካ፥ አሮጌው ግን ለልክ ይቀመጥ። ከመሬት ላይ አይኑር፤ ምስጥና እርጥበት ያገኘዋልና። የሥራ ቀን ሲመጣ ሽማግሌ አናጢ ካለ ይጠራ፥ ከዲያቆናቱም ሁለት ሦስት በአጠገቡ ቆመው እጃቸውን ያለማምዱ፤ መጀመሪያ በአጥር ዕንጨት፥ ከዚያም በወንበርና በአትሮንስ፥ በመጨረሻ በበሩ።

መዝገብም ይኑር። በመዝገቡ የመሣሪያው ዓይነት፥ የስለቱ ስፋት በሚሊሜትር፥ ማን እንደ ሰጠው፥ ማን እንደ ተዋሰውና መቼ እንደ መለሰው ይጻፍ። ከዚህም ሌላ አንድ ነገር ይጨመር፤ የመሮው ስለት በአሮጌው በርና መስኮት ላይ ካለው ጭረት ጋራ እየተጠጋ ይለካ። ስለት በአንድ ስፍራ የተሸረፈ እንደ ሆነ ያ ሽርፍ በዕንጨቱ ላይ ቀጭን መስመር ትቶ ያልፋልና፥ መስመሩና ሽርፉ ከገጠሙ የዚያ በር ስም ከመሮው ስም አጠገብ ይጻፍ።