«የእሳት አባት»፦ ፋየር ማርሻልን በአማርኛ

ለባሕር ዳርም ሆነ ለአንበሳሜ ሰው «እሳት አደጋ» ማለት ቀዩ መኪናና ጩኸቱ ነው። ሙያተኞቹን በአደጋው ስም የምንጠራቸው ቤቱ ከተያያዘ በኋላ ስለሚመጡልን ነው። ቀድሞ መጥቶ «ይህን ማከፋፈያ ንቀሉት» የሚለው ሰው ግን እስካሁን ስም አላወጣንለትም። አሜሪካኖች ፋየር ማርሻል ይሉታል።

ፋየር ማርሻል የሕንፃውን ፕላን ገና ሳይሠራ ያያል። ከተሠራ በኋላ የአደጋ ጊዜ መውጫ በሩ እንዳይቆለፍ ይቆጣጠራል፤ እሳት ከተነሣም መነሻውን ይመረምራል። በቀረው ጊዜ ትምህርት ቤትና ሰፈር እየዞረ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1871 ቺካጎ ከተቃጠለች 40 ዓመት ሲሞላት፣ ቀኑ የእሳት መከላከያ ቀን ሆኖ እንዲታሰብ ያደረገው የሰሜን አሜሪካ ፋየር ማርሻሎች ማኅበር ነበር።

«ማርሻል» ሲባል ጄኔራል ትዝ ይለናል። የቃሉ ሥር ግን ፈረስ ጠባቂ ማለት ነው፤ በእኛ ቤተ መንግሥት ባልደራስ ይባል የነበረው። ቃሉ ከጋጣው ወጥቶ ሥርዓት ወደ ማስከበር ስለዞረ «የእሳት ባልደራስ» አያስኬድም። «የእሳት አዛዥ» ብንል የአጥፊዎቹ አለቃ ይመስላል። «የእሳት መከላከል ኃላፊ» ለደብዳቤ ይሆናል፤ ጎረቤት ለጎረቤት የሚጠራው ስም ግን አይወጣውም።

እኔ የምመርጠው «የእሳት አባት»ን ነው። በጣና ዙሪያ በመስኖ የሚያለማ ገበሬ የውሃ አባትን ያውቀዋል፤ ራሱ መርጦት ተራ የሚያወጣለት፣ ቦይ የሚያስጠርግ፣ ጠቡ ሳይከር የሚዳኝ ሰው ነው። የውሃ አባት ሲባል «ውሃ ያመነጨ» ብሎ የሚረዳ የለም፤ የእሳት አባትም ለኳሽ አይመስልም።

አንበሳሜ ላይ ብዙ ሥራ ይጠብቀዋል። መኪና ከባሕር ዳር ቢጠራ ዓባይን ተሻግሮ በሐሙሲት በኩል ነው የሚመጣው፤ የእንጨትና የጭቃ ቤት እስከዚያ አይታገሥም። ስለዚህ የእሳት አባት ከአንድ ሶኬት ምጣድና ምድጃ የሚያስነሣ ቤት ገብቶ ገመዱ እንዴት እንደሚግል ያሳያል። የጋዝ ሲሊንደር ማፍሰሱን በክብሪት ሳይሆን በሳሙና አረፋ መፈተሽ ያስለምዳል፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛልና፣ ከሸተተ መብራት ሳይነኩ በር ከፍቶ መውጣት ነው። የድስት ዘይት ሲቀጣጠል ውሃ ሊደፋ የተዘረጋ እጅም ይይዛል። ውሃው ከዘይቱ ሥር ገብቶ ባንዴ ተን ይሆንና የሚነደውን ዘይት ጣራ ድረስ ይረጨዋል። መፍትሔው ክዳን መግጠም ነው፤ ይህን ግን ማንም በድንጋጤ ሰዓት አይማረውም።

ምክር ብቻውን አይበቃም፣ ሥልጣንም ያስፈልገዋል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከወጣ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ደንብ የለም ማለት አንችልም። ያም ሆኖ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ የሱቆቹ መጠጋጋትና የመንገዱ ጥበት አጥፊዎቹን አስቸግሯቸዋል። በነበልባል መሐል መንገድ አይከፈትም። የእሳት አባት የምለው በገበያ ቀን ማለዳ፣ ሸራው ሳይወጠር ደርሶ «በዚህ መኪና ያልፋል» እያለ መስመር የሚያሰምረውን ሰው ነው።