ጭውውት በካሴት፦ ከቴሌቪዥን ጣቢያ እስከ አየር ጤና ሳሎን

በ1980ዎቹ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያስተላልፈው የነበረው ጭውውት፣ ማለትም አጭሩ የቀልድ ድራማ፣ ከስርጭቱ ሰዓት አልፎ እንዲቆይ ያደረገው በዋናነት ተመልካቹ ነው። ጣቢያው ያሳየውን በካሴት አሽጎ የመሸጥ ልማድ አልነበረውም። አንድን ጭውውት ደግሞ ማየት የፈለገ ሰው ዴክ (የካሴት ቪዲዮ ማጫወቻ) ያለው ጎረቤት የቀዳውን ይዋሳል፣ ካልሆነም ከቪዲዮ ማከራያ ይከራያል። በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ጫፍ የምትገኘው የአየር ጤና የቤት ቪዲዮ ታሪክም የዚሁ ልማድ አካል ነው።

ቴሌቪዥን በአገሪቱ ሥራ የጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ አዝናኞቹ ከቴአትር ቤት የመጡ ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ ተስፋዬ ሳህሉ «የልጆች ጊዜ» የተባለውን ዝግጅት ለአሥርት ዓመታት በመምራት «አባባ ተስፋዬ» ተብለው በአገር ታወቁ። ቀልድ የራሱን ሰዓትና የራሱን ተመልካች ያገኘው ግን ከ1983 ዓ.ም. በኋላ፣ በእሁድ መዝናኛና በበዓል ዝግጅቶች ነው። አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ በጥንድ እየሠሩ ስማቸው ተነጣጥሎ የማይጠራ ሆነ። እንግዳዘር ነጋንና ተስፋዬ ካሳንም የዚያ ዘመን ተመልካች አይረሳቸውም።

ጭውውቱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንዳንዴ ጋቢና ከዘራ ይበቃል። ሰዎቹ ተመልካቹ በየቀኑ የሚያገኛቸው ናቸው፦ አከራይና ተከራይ፣ ባለጉዳይና የቢሮ ሹም፣ ከገጠር የመጣ እንግዳና ከተሜ የሆነ መስሎት የሚኮፈስ ዘመዱ። በዚያው ዘመን በአሜሪካ ይታዩ የነበሩት እንደ «ሳይንፌልድ»ና «ፍሬንድስ» ያሉ ተከታታይ ቀልዶች በየሳምንቱ በሚመለሱ ገጸ ባሕርያትና በቋሚ ቤት ላይ የቆሙ ነበሩ። የኢትዮጵያው ጭውውት በአብዛኛው በራሱ ያልቃል። ለካሴት የተመቸውም በዚህ ነው። ያለፈውን ሳምንት ያላየ ሰው ምንም አይቀርበትም፤ ቀልዱም የተመሠረተው በንግግሩ ላይ ስለሆነ፣ ከቅጂ ቅጂ እየተወሰደ ሥዕሉ ቢደበዝዝ እንኳ ድምፁ እስከተሰማ ድረስ ያስቃል። ልጆች ደጋግመው እያዩ ንግግሩን በቃላቸው ይዘው ትምህርት ቤት ይደግሙት ነበር።

የጃፓኑ ጄቪሲ ኩባንያ የቪኤችኤስ ካሴትን ለገበያ ያቀረበው በጥቅምት 1969 ዓ.ም. ነው። በደርግ ዘመን ዴክ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። በ1980ዎቹ ከሳዑዲ ዓረቢያ፣ ከጅቡቲና ከዱባይ የሚመለሱ ሰዎች ከቴሌቪዥኑ ጋር ዴክም ይዘው መምጣት ጀመሩ። ዴኩ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በታች ይቀመጣል፤ አቧራ እንዳይገባውም በዳንቴል ይሸፈናል። ለብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያው የራሱ ካሴት የሰርግ ቪዲዮ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይከፈታል፣ ሙሽሮቹ ልጅ ወልደው ካሳደጉ በኋላም ይታያል።

ከቴሌቪዥን መቅዳት ጥድፊያ ነበረው። አንድ ሰው ዴኩ ፊት ቁጢጥ ብሎ ማስታወቂያው እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ የቀልደኞቹ ፊት ብቅ ሲል ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ «ቅዳ!» ይለዋል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ያመልጣሉ። የሦስት ሰዓቱ ካሴት ዜናም፣ ዘፈንም፣ ግማሹ የጠፋ የህንድ ፊልምም ስለሚይዝ ጭውውቱ የሚገኘው በመሃል ተሰንቅሮ ነው። በካሴቱ ጀርባ ላይ አንዲት ትንሽ ፕላስቲክ አለች። እሷ ከተሰበረች ዴኩ በላዩ አይቀዳም፤ ስለዚህ ውድ ከተባለው ካሴት ላይ ፕላስቲኳ በቢላ ጫፍ ትነቀላለች። ገንዘብ አጥሮ ሌላ ካሴት መግዛት ካልተቻለ ደግሞ ቀዳዳው በፕላስተር ይሸፈንና የድሮው በአዲሱ ይተካል። ብዙ ጭውውት የጠፋው በዚህች ቁራጭ ፕላስተር ነው።

አየር ጤና በዓለም ገናና በሰበታ አልፎ ጅማ በሚያደርሰው መንገድ ላይ ናት። ሰፈሯ የምትገኝበት ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ሆኖ የተዋቀረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ሰፈሩ የሚታወቀው በወረዳና በቀበሌ ቁጥር ነበር። የከተማዋ ሲኒማ ቤቶች፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ ፒያሳ፣ ሲኒማ ራስ መርካቶ፣ አምባሳደር ደግሞ መሃል ከተማ ነበሩ። ከዳር ሰፈር ተነስቶ ፊልም ማየት የደርሶ መልስ ታክሲ ወይም የአንበሳ አውቶቡስ ገንዘብና ግማሽ ቀን ይጠይቃል። ቪዲዮ ቤት በየዳር ሰፈሩ የተስፋፋው በዚህ ምክንያት ነው። ጥቁር መጋረጃ የተጋረደበት ጠባብ ክፍል፣ ጀርባ የሌለው አግዳሚ፣ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ የዕለቱ ፊልም፣ ድምፁን ወደ መንገድ የሚለቅ ስፒከር፤ መግቢያው በሳንቲም። በብዛት የሚታየው የካራቴና የህንድ ፊልም ነበር። ወላጆችና መምህራን ቪዲዮ ቤቶቹን ከትምህርት የሚያስቀሩ ናቸው ብለው መክሰሳቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ነገር ግን ቴሌቪዥን በሌለው ቤት ያደገ ልጅ ፊልምን ያወቀው እዚያ ነው።

ማከራያው ከቪዲዮ ቤቱ ይለያል። እሱ ካሴቱን ቤቱ ዴክ ላለው ሰው ያከራያል፤ ማስያዣው መታወቂያ ነው፣ ካሴቱ ሳይጠነጠን ከተመለሰም ተከራዩ ይወቀሳል። ከውጭ ፊልሞቹ ጎን ከቴሌቪዥን የተቀዱ ጭውውቶችና የዘፈን ክሊፖች ተደባልቀው ይገኙ ነበር። ለቀልደኞቹ ከዚህ ኪራይ የሚደርሳቸው አልነበረም፤ ይህ የዚያ ዘመን ትልቁ በደል ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም.፣ የቪኤችኤስ ዘመን ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ነው።

ካሴቶቹ ባሕርም ተሻግረዋል። ዋሽንግተንና ሎስ አንጀለስ ያሉ የኢትዮጵያውያን ሱቆች ከእንጀራና ከበርበሬ ጋር ካሴት ይሸጡና ያከራዩ ነበር። ኢትዮጵያ ትጠቀምበት የነበረው የቴሌቪዥን ሥዕል ሥርዓት ባለ 625 መስመሩ ፓል፣ የአሜሪካው ደግሞ ባለ 525 መስመሩ ኤንቲኤስሲ ነበር። ከአዲስ አበባ በሻንጣ የተላከ ካሴት በተራ የአሜሪካ ዴክ በደንብ አይታይም፤ ሥዕሉ ይዘላል ወይም ቀለሙ ይጠፋል። ስለዚህ ወይ ሁሉንም የሚያጫውት ዴክ መግዛት፣ ወይ ካሴቱን ማስቀየር ግድ ነበር። እዚያ ያሉት ኢትዮጵያውያን ያንን ሁሉ ወጪ ያወጡት የአማርኛ ቀልድ ለመስማት ነው።

ቪሲዲ የተባለው የቪዲዮ ዲስክ ሲመጣ ነገሩ በፍጥነት ተለወጠ። ዲስኩ ርካሽ፣ ለማባዛትም ቀላል ነበር፤ አንዱ የሚይዘው ግን 74 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ማከራያዎቹ መደርደሪያቸውን ወደ ዲስክ ቀየሩ፣ ሳተላይት ዲሽ በየጣሪያው ሲተከል ደግሞ አብዛኞቹ ተዘጉ። ቋሚ ቤተሰብና ቋሚ ቤት ያለው ተከታታይ ኮሜዲ ሰፊ ተመልካች ያገኘው ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ፣ ጥላሁን ጉግሳ በሠራው «ቤቶች» ነው። የድሮዎቹ ጭውውቶች ዛሬ በዩቲዩብ ይታያሉ። ብዙዎቹ ከቤት ካሴት የተገለበጡ መሆናቸውን ከሥሩ የሚርገበገበው ነጭ መስመርና የተቆረጠው መጀመሪያቸው ይመሰክራል።

በሌላው ዓለምም የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የራሳቸውን ሥራ አጥፍተዋል። የእንግሊዙ ቢቢሲ በ1960ዎቹና 70ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቴፖቹን እየደመሰሰ በላያቸው ይቀዳ ነበር፤ በኋላ ከጠፉት ጥቂቱን ያገኘው በግለሰቦች እጅ ነው። በኢትዮጵያም የግለሰብ ካሴት ተመሳሳይ ዋጋ አለው። አለባቸው ተካ በመኪና አደጋ ሕይወቱ አልፏል፤ የወጣትነት ሥራው ያለበት ካሴት በማንም አዲስ ቀረጻ አይተካም።

ጊዜው ግን አጭር ነው። የዓለም የመጨረሻው ዴክ አምራች የሆነው የጃፓኑ ፉናይ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ምርቱን አቁሟል። የክረምት እርጥበት ቴፑን ያሻግታል፤ የሻገተ ካሴት ሳይጸዳ ከተጫወተም የዴኩን ማንበቢያ (ሄድ) ያበላሻል። በቁምሳጥን ወይም በአልጋ ሥር ካሴት ያለው ቤተሰብ ላዩን አይቶ መጣል የለበትም። «የእከሌ ሰርግ» ተብሎ የተጻፈበት ካሴት መጨረሻው ላይ የእሁድ ጭውውት ሊኖርበት ይችላልና፣ እስከ ጫፉ ታይቶ፣ የሚሠራ ዴክ ባለው ባለሙያ ይገልበጥ፤ የተቀዳበት ዓመትም ይጻፍበት።