ርቀት ጠባቂው ክሩዝ ኮንትሮል ወደ ሞተር ሳይክል ለመድረስ ለምን ዘገየ?



የዛሬው ገለጻዬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ከፊት የሚሄደውን ተሽከርካሪ በራዳር እየተከታተለ ፍጥነቱን የሚያስተካክለው ክሩዝ ኮንትሮል በመኪና ላይ የታየው በ1990ዎቹ ማብቂያ ነው። በሞተር ሳይክል ላይ ግን እስከ 2020 አልመጣም። እነዚህን ሁለት ዐሥርት ዓመታት ምን ሞላቸው? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የታሪኩ መነሻ ራልፍ ቲተር ነው። በልጅነቱ የዓይን ብርሃኑን ያጣው ይህ አሜሪካዊ መሐንዲስ ለፍጥነት መቆጣጠሪያው በ1950 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ፤ ክራይስለርም በ1958 መሣሪያውን ለገበያ አቀረበው። ይሁን እንጂ መሣሪያው የተባለውን ፍጥነት ከመጠበቅ በቀር ከፊቱ ያለውን አያውቅም ነበር። ሚትሱቢሺ በ1995 በሌዘር ርቀት የሚለካ መኪና አወጣ፤ እርሱም ነዳጅ ይቀንሳል፣ ማርሽ ያወርዳል እንጂ ፍሬን አይዝም ነበር። ፍሬን ጭምር የሚይዘውን በራዳር የሚሠራ ሥርዓት ያመጣው መርሴዲስ ቤንዝ ነው።

ለመዘግየቱ የሚሰጠው የተለመደ ምላሽ የራዳሩ ግዝፈትና ዋጋ ነው። ምላሹ ከፊል እውነት አለው፤ በእኔ እምነት ግን ዋናው ምክንያት የነጂው ገላ ነው። የመኪና አሽከርካሪ በቀበቶ ታስሮ በአራት ጎማ ላይ ተቀምጧል፤ ፍሬን ሳይታሰብ ቢያዝ ቢደነግጥ እንጂ አይወድቅም። የሞተር ሳይክል ነጂ ግን ራሱ የሚዛኑ አካል ነው። ያልጠበቀው ፍሬን ወደ ፊት ይገፋዋል። በመታጠፊያ ላይ ደግሞ ጎማው መንገዱን የሚቆነጥጥበት ኃይል ለመታጠፍና ለመቆም ስለሚከፋፈል፣ ትንሽ ስሕተት ለመንሸራተት ይበቃል።

ስለዚህ ሌሎች ነገሮች መቅደም ነበረባቸው። ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለውን ኤቢኤስ ቢኤምደብልዩ በ1988 ለሞተር ሳይክል አቀረበ። ቀጥሎ ጋዙ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ሆነ፤ የሞተር ሳይክሉን ዘንበል ማለት የሚለካ መሣሪያም በ2010ዎቹ ከፍሬኑ ጋር ተቀናጀ። ራዳሩ የመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው።

ዱካቲ ከሚላኖ ፖሊቴክኒክ ጋር ሥራውን በ2016 ጀመረ። በ2020 የዱካቲው መልቲስትራዳ ቪ4 እና የቢኤምደብልዩው አር 1250 አርቲ የቦሽን ራዳር ይዘው ቀረቡ። በዱካቲው ላይ ሥርዓቱ በሰዓት ከ30 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ይሠራል፤ ነጂውም ከአራት የርቀት ደረጃዎች አንዱን ይመርጣል። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉ የምፈልገው፣ መሐንዲሶቹ የፍሬኑንና የፍጥነት መጨመሪያውን ጉልበት ሆን ብለው መገደባቸውን ነው። ነጂው ሚዛኑን ሳይስት እንዲከተለው ሲባል መሣሪያው ከሚችለው በታች እንዲሠራ ተደርጓል። የቢኤምደብልዩው ሥርዓትም ለቆመ ተሽከርካሪ ምላሽ አይሰጥም።

ከዚህ የምደርስበት ድምዳሜ አለ። ይህ መሣሪያ በረጅም ጉዞ ድካም የሚቀንስ እንጂ ኃላፊነትን ከነጂው የሚረከብ አይደለም፤ የደኅንነት ዋስትና አድርጎ መሸጡም አደገኛ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ2016 ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ በሆኑ አዳዲስ የሞተር ሳይክል ዓይነቶች ላይ ግዴታ ያደረገው ኤቢኤስን ነው፤ ርቀት ጠባቂው ግን የገዢው ምርጫ ሆኖ ቀርቷል። በአገራችን መንገዶች የሚበዙት አነስተኛ ሞተር ሳይክሎች ናቸው። ስለ ቴክኖሎጂ ሽግግር የምታጠኑ ተማሪዎች ይህን ቅደም ተከተል እንድታጤኑ አደራ እላለሁ፤ ራዳሩን ከመመኘት በፊት ስለ ፍሬኑ መጠየቅ ይገባል።