አነፍናፊ፦ ለኦክስጅን ሴንሰር የሚስማማ ስም

ጊዮርጊስ አካባቢ ያሉ ጎረቤቶቼ ሰሞኑን የመኪናን ኦክስጅን ሴንሰር በቤት ስለመቀየር የተጻፈ የአማርኛ መመሪያ በስልክ ይቀባበላሉ። አሠራሩ ላይ ስህተት አላየሁበትም፤ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ሶኬቱ ይነቀል፣ አሮጌው በ22 ቁልፍ ይፈታ፣ አዲሱ መጀመሪያ በእጅ ይግባ ይላል። ያበገነኝ ስያሜው ነው። ከላይ እስከ ታች «የኦክስጅን ዳሳሽ»! በማሽን የተተረጎመ ጽሑፍ ይህን ቃል በየቦታው እየረጨው ነው።

ዳሰሰ የእጅ ግስ ነው። እናት የልጇን ግንባር ትዳስሳለች፤ መብራት ሲጠፋ ክብሪት በዳሰሳ ይፈለጋል። የስልክ ስክሪን ጣትን የሚያውቅበትን ክፍል ዳሳሽ ቢሉት አልቃወምም። ይህ ዕቃ ግን ጭስ ማውጫው ላይ ተተክሎ፣ ከሚያልፈው ጭስ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን ከውጭው አየር ጋር እያስተያየ ነዳጅ መብዛት አለመብዛቱን ለመኪናው ኮምፒውተር ይናገራል። ጭስን ደግሞ የምናውቀው በአፍንጫ ነው።

«ለኪ» የሚሉም አሉ። ለኪ ስንት እንደሆነ መናገር አለበት፤ የተለመደው ዓይነት ግን በዛ ወይም አነሰ ብቻ ነው የሚለው። ቦሽ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1976 ቮልቮ ላይ ሲገጠም የወጣለት «ላምዳ» የግሪክ ፊደል ስለሆነ ለእኛ ምንም አይነግረንም። «አሽታች» ይቀርባል፤ ሆኖም አንዴ አሽትቶ የተወም አሽታች ነው።

እኔ የምሟገትለት «አነፍናፊ» ነው። አነፈነፈ ውስጥ «ነፈ» ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ እንደ ነቀነቀ፣ እንደ ቀጠቀጠ፣ እንደ ወዘወዘ። ድርጊቱ ሲደጋገም አማርኛ ድምፁንም ይደጋግማል። ዕቃውም ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ የሚሠራው ይህንኑ ነው፦ ነዳጅ ሲበዛ ወደ 0.9 ቮልት፣ ሲያንስ ወደ 0.1 ቮልት፣ ሞተሩ እስኪጠፋ ይመላለሳል። ይህን መመላለስ ግሱ አስቀድሞ ይዞታል።

«የፖሊስ ውሻ ያስመስለዋል» የሚል ተቃውሞ ሰምቻለሁ። ቆጣሪም ሰው ነበር፤ ዛሬ «ቆጣሪ ይነበባል» ሲባል ግድግዳ ላይ ያለውን የመብራት ቆጣሪ የማያስብ የለም። የቃሉ ቅርጽ ያው ነው፣ ሠሪውን የሚጠራ።

ኦክስጅን እንዳለ ይቆይ። ከባዕድ መዋስ አያሳፍርም፤ መካኒኮቻችን ካንዴላን፣ ፍሪሲዮንን፣ ማርሚታን ከጣሊያንኛ ወስደው አማርኛ አድርገዋቸዋል፤ የሰፈራችን ስም ፒያሳ ራሱም የጣሊያን ቃል ነው። ስለዚህ አነፍናፊን የማይወድ ሰው «ሴንሰር» ቢል ይሻለዋል። ሴንሰር የነበረ ቃል አያበላሽም። ዳሳሽ ግን በሁሉም ቦታ ሲሰካ ዳሰሰ የሚለውን ጥንታዊ ግስ ከእጁ ይለየዋል፤ የእናትየዋ መዳሰስ ጣዕሙን ያጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ስሙ ሲሠራበት እንዲህ ይሆናል፦ በቅርብ ዓመታት የተሠሩ መኪኖች በአብዛኛው ቢያንስ ሁለት አነፍናፊ አላቸው። ከካታሊቲክ ኮንቨርተሩ በፊት ያለው የፊት አነፍናፊ ነዳጁን ያስተካክላል፤ ከበስተኋላው ያለው የኋላ አነፍናፊ ኮንቨርተሩ ጭሱን ማጣራቱን ይከታተላል። መለዋወጫ ሲገዙ የቱን እንደሚፈልጉ ለይተው ይንገሩ።