የዓለም የሴቶች እግር ኳስ ክለቦች ሻምፒዮና አመሠራረትና የኢትዮጵያ ክለቦች መንገድ

አዲስ አበባ፦ የመጀመሪያው የሴቶች የክለቦች ዓለም ዋንጫ ከታኅሣሥ 26 እስከ ጥር 21 ቀን 2020 ዓ.ም. 19 ክለቦችን በማሳተፍ እንዲካሄድ የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበራት ፌዴሬሽን (ፊፋ) ወስኗል። የወንዶቹ የክለቦች ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2000 በብራዚል መካሄዱ ሲታወስ፣ ሴቶቹ ተመሳሳይ ዕድል ለማግኘት 28 ዓመታት መጠበቅ ግድ ሆኖባቸዋል ማለት ነው።

ለመዘግየቱ ዋነኛው ምክንያት የአህጉራዊ ውድድሮች አለመሟላት ነው። የዓለም ሻምፒዮን ለመለየት በቅድሚያ የየአህጉሩ ሻምፒዮን መታወቅ ይኖርበታል። አውሮፓ የሴቶች ክለቦች ውድድሩን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ዋንጫ በተከታዩ ዓመት የጀርመኑ ፍራንክፈርት ወስዷል። ደቡብ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009፣ አፍሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ተከተሉ። የእስያ እንዲሁም የሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ ኮንፌዴሬሽኖች አሁን ባለው መልክ የሻምፒዮንስ ውድድር ያካሄዱት እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ነው። ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2012 ጃፓን ክለቦችን በግብዣ ሰብስባ ያዘጋጀችው ውድድር በፈረንሳዩ ኦሊምፒክ ሊዮን አሸናፊነት ቢጠናቀቅም፣ የፊፋ ውድድር ባለመሆኑ ለጥቂት ዓመታት ብቻ ቆይቶ ተቋርጧል።

የፊፋ ምክር ቤት የሴቶች የክለቦች ዓለም ዋንጫን ሐሳብ በመርህ ደረጃ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2022 ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2024 ውድድሩ በ16 ክለቦች መካከል እ.ኤ.አ. በ2026 መጀመሪያ እንዲካሄድ ቢወሰንም፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም. በተላለፈ ሌላ ውሳኔ ወደ እ.ኤ.አ. 2028 ተሸጋግሯል። በምትኩ የስድስቱን ኮንፌዴሬሽኖች ሻምፒዮኖች ብቻ የሚያገናኝ «የሴቶች ሻምፒዮኖች ዋንጫ» የተባለ አነስተኛ ውድድር ተመሠረተ። የዚህ ውድድር የመጀመሪያ ፍጻሜ ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. በለንደን ተካሂዶ፣ አርሰናል የብራዚሉን ኮሪንቲያንስ በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 በማሸነፍ የ2 ነጥብ 3 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ባለቤት ሆኗል። አፍሪካን የወከለው የሞሮኮው ኤ ኤስ ፋር የቻይናውን ዉሃን ጂያንግዳ ጥሎ ለግማሽ ፍጻሜ ቢደርስም በአርሰናል 6 ለ 0 ተረትቷል። ውጤቱ በሁለቱ አህጉሮች ክለቦች መካከል ያለውን የአቅም ልዩነት በግልጽ ያሳየ በመሆኑ፣ የዋናው ውድድር መራዘም ለአፍሪካ ክለቦች ጉዳት ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል።

በ2020 ዓ.ም. ውድድር የቦታ ድልድል መሠረት አውሮፓ አምስት፣ አፍሪካ፣ እስያ፣ ደቡብ አሜሪካ እንዲሁም ሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ እያንዳንዳቸው ሁለት ቀጥተኛ ቦታ ተሰጥቷቸዋል። ቀሪዎቹን ሦስት ቦታዎች ለመያዝ ከስድስቱም ኮንፌዴሬሽኖች አንድ አንድ ክለብ በቅድመ ማጣሪያ ይፋለማሉ።

የአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ በስምንት ክለቦች መካከል የሚካሄድ ሲሆን፣ ተሳታፊዎቹ በዞን ማጣሪያዎች ይለያሉ። የመጀመሪያው ውድድር እ.ኤ.አ. በ2021 በካይሮ ተካሂዶ የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ አሸንፏል። ለአሸናፊው 400 ሺህ ዶላር የነበረው ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 600 ሺህ ዶላር ከፍ ብሏል።

ኢትዮጵያ የምትገኘው በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ (ሴካፋ) ዞን ነው። በአሠልጣኝ ብርሃኑ ግዛው የተመራው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 በናይሮቢ በተካሄደው የመጀመሪያው የዞኑ ማጣሪያ ለፍጻሜ ደርሶ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸንፏል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኡጋንዳ እንደገና ለፍጻሜ ቀርቦ በታንዛኒያው ጄ ኬ ቲ ኩዊንስ በመለያ ምት ተረታ። ሁለት ጊዜ ከበሩ ላይ የተመለሰው ቡድን በሦስተኛው አልተመለሰም። በነሐሴ ወር 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ባስተናገደችው ማጣሪያ በአበበ ቢቂላ ስታዲየም የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ 1 ለ 0 አሸንፎ ለአህጉራዊው መድረክ በቃ። በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. በሞሮኮ በተካሄደው ውድድር ከማሜሎዲ ሰንዳውንስ፣ ከናይጄሪያው ኤዶ ኩዊንስና ከግብፁ ማሳር ጋር ተደልድሎ ከምድቡ ሳያልፍ ቀርቷል። ዋንጫውን የወሰደው የኮንጎው ቲ ፒ ማዜምቤ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ዞኑን የወከለው ጄ ኬ ቲ ኩዊንስ ነው።

ከአገልግሎት ሰጪ መሥሪያ ቤቶች አንጻር ጉዳዩ ሌላ ገጽታ አለው። በኢትዮጵያ የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የሚወዳደሩት ክለቦች በአብዛኛው የመንግሥት ተቋማትና የከተማ አስተዳደሮች ናቸው። ንግድ ባንክ የመንግሥት ባንክ ነው፤ መቻል የመከላከያ ሠራዊት ክለብ ነው፤ ሃዋሳ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋና አርባ ምንጭ የየከተማቸውን ስም ይዘዋል። ገርጂን በክልሉ ያቀፈው ቦሌ ክፍለ ከተማም በሊጉ የተሳተፈ የሴቶች ቡድን አለው። ከውድድሩ አወቃቀር አኳያ የክፍለ ከተማ ቡድንም ቢሆን ሊጉን፣ ከዚያም ዞኑን፣ ቀጥሎም አህጉሩን ካሸነፈ የዓለም ዋንጫን በር ማንኳኳት የሚከለክለው ደንብ የለም። የሚከለክለው ገንዘብና ዝግጅት ነው። የሴካፋ ማጣሪያ በነሐሴ ወር ሲካሄድ የመንግሥት የበጀት ዓመት ከጀመረ ሁለት ወር አይሞላውም። ለጉዞ፣ ለካምፕና ለቅድመ ዝግጅት ጨዋታ የሚያስፈልገው ወጪ በሐምሌ የሚታሰብ ከሆነ ዘግይቷል፤ በቀደመው ዓመት ዕቅድ ውስጥ መግባት ይኖርበታል።

የመጫወቻ ሜዳም ሌላው ጥያቄ ነው። ከገርጂ ብዙም በማይርቀው የቦሌ አካባቢ በ2008 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየም ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ የታቀደ ቢሆንም፣ በ2016 ዓ.ም. የሴካፋ ማጣሪያ በከተማዋ ሲካሄድ ለአገልግሎት አልደረሰም ነበር። የወንዶች ብሔራዊ ቡድን የአገሪቱ ስታዲየሞች የካፍን መስፈርት ባለማሟላታቸው ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የሜዳው ጨዋታዎችን በውጭ አገር ለማድረግ መገደዱም ይታወሳል።

ሉሲዎቹ እ.ኤ.አ. በ2004 በአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ ሆነው ማጠናቀቃቸው አገሪቱ የተጫዋች ድርቀት እንደሌለባት ያመለክታል። ከደደቢት፣ ከአዳማና ከንግድ ባንክ የተገኘችው አጥቂ ሎዛ አበራ በማልታው ቢርኪርካራ ተጫውታ እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካውን ዲሲ ፓወር ተቀላቅላለች።

የዓለም ዋንጫው የሚካሄድባቸው 26 ቀናት የገናንና የጥምቀትን በዓላት የሚያካትቱ ናቸው።