በተምር አናት ላይ የበቀለው ታላቅ ዛፍ



ዛፍ ከመሬት እንደሚበቅል ማንም ያውቃል። ነገር ግን ከሌላ ዛፍ አናት ላይ በቅሎ፥ ሥሩን ከላይ ወደ ታች እየሰደደ፥ በመጨረሻም የተሸከመውን ዛፍ ስፍራ የሚወርስ ዛፍ አለ። ወገኑ ከዋርካና ከሾላ ነው፤ በእኛም አገር ጭብሃ የሚባለው ብዙ ጊዜ እንዲሁ ሲያደርግ ይታያል። ዛሬ የምንነግራችሁ ግን ታሪኩ በጽሑፍ ስለ ተያዘለት ስለ አንድ ዛፍ ነው፤ እርሱም በህንድ አገር፥ ቀድሞ ካልካታ ከ2001 ወዲህ ኮልካታ ከምትባለው ከተማ ማዶ፥ በሁግሊ ወንዝ ዳር የሚገኘው ታላቁ ባንያን ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ባንያን የሚለው ስም አስቀድሞ የሰዎች እንጂ የዛፍ አልነበረም። ከጉጃራት ወጥተው በየወደቡ፥ በምጽዋም ሳይቀር ይነግዱ የነበሩት ህንዳውያን ባንያን ይባሉ ነበርና፥ በዚህ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲገበያዩ ያዩ አውሮፓውያን ዛፉን በነጋዴዎቹ ስም ጠሩት። ዛፉ ራሱ ግን በሩቅ አገር ጭምር ከጥንት የታወቀ ነው፤ ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ ከታላቁ እስክንድር ጋር ወደ ህንድ ከዘመቱት ሰዎች የመጣውን ወሬ ይዞ፥ ከቅርንጫፉ ሥር የሚያወርድ የበለስ ዛፍ መኖሩን ጽፏል።

የእንግሊዙ የዕፅዋት ሊቅ ጆሴፍ ሁከር በ1848 ካልካታ ደረሰ። በ1854 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ እንደ ተረከው፥ የአትክልቱ ስፍራ ሹም ፋልኮነር ነገሩን ከሚያስታውሱ ሰዎች ተረድቶ ነበር፤ ይኸውም በ1782 በዚያ ስፍራ የቆመው አንድ የተምር ዛፍ ነው፤ ባንያኑ ከተምሩ አናት በቅሏል፤ ከሥሩም አንድ መናኝ ይቀመጥ ነበር። የአትክልቱ ስፍራ የተመሠረተው በ1787 ነው። እንግዲህ ይህን ዛፍ የተከለው አትክልተኛ አይደለም።

የዚህ ዐይነት ዛፍ ተካይ ወፍ ነው። ፍሬውን በልቶ ዘሩን በተምሩ ቅጠሎች ብብት ውስጥ ይጥለዋል፤ በዚያ በተከማቸው አቧራና ብስባሽ ችግኙ ይበቅላል። ለብዙ ጊዜ ትንሽ ሆኖ ይቆያል፤ ቀጭን ሥሩ መሬት የነካ ዕለት ግን ነገሩ ይለወጣል። ሥሮቹ ይወፍራሉ፥ እርስ በርሳቸው ይጋጠማሉ፥ ግንዱን እንደ መረብ ይከቡታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባንያን እንደ ተቀጥላ የተሸካሚውን ፈሳሽ አይመጥም፤ ምግቡን የሚያዘጋጀው ራሱ ነው። ሌላ ዛፍ ቢሆን ግንዱ እየወፈረ ሲሄድ በሥሮቹ ይታነቃል፤ የተምር ግንድ ግን በየዓመቱ አይወፍርምና መከበቡ ያን ያህል አይጎዳውም። የሚገድለው ጥላው ነው። ተምር የሚያድገው ከአንድ አናት ብቻ ስለ ሆነ፥ ያ አናት ብርሃን ካጣ የሚተካው የለም።

ተምሩ በዚህ ዐይነት ጠፋ። ባንያኑ ግን ብቻውን አልገነነም፤ የሰው እጅም ረድቶታል። ሠራተኞቹ ቅርንጫፉ ሥር እንዲያወጣ እርጥብ ጭቃ ያስሩበት፥ ሥሩም ጥቂት ሲወርድ በቀርከሃ ቱቦ እየመሩ መሬት ያደርሱት እንደ ነበር ሁከር መስክሯል። እኛ እንደሚመስለን ይህ ትጋት ከዛፉ ግዝፈት ያላነሰ የሚደነቅ ነው፤ ኋላ የሚሆነውን ማን አውቆ ነበር?

በ1864 እና በ1867 ታላላቅ አውሎ ነፋሶች ካልካታን መቱ። የባንያኑ ዋና ግንድ ተሰነጠቀ፤ በስንጥቁም የሻጋታ ደዌ ገባበት። በሽታው ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ በ1925 ግንዱ ተቆርጦ ወጣ። ለሌላ ዛፍ ይህ ሞት ነበር። ባንያኑ ግን በቀርከሃ ተመርተው በወረዱትና በራሳቸው በወረዱት ሥሮች ላይ ቆሞ ቀረ፤ ዛሬ እንደ ምሰሶ የተሸከሙት ሥሮች ከ3,000 ይበልጣሉ፥ የሸፈነውም መሬት ከአንድ ሄክታር ተኩል በላይ ነው። በዙሪያው 330 ሜትር የሚሆን መንገድ ቢሠራለት መንገዱን አልፎ ሄዷል። በ2020 አምፋን የተባለው አውሎ ነፋስ ከፊሉን ቢጎዳውም አልወደቀም።

ከሩቅ ያየው ሰው አንድ ዱር ይመስለዋል። ወደ መካከሉ ቢገባ ግን አስቀድሞ ተምሩ፥ ኋላም ዋናው ግንድ የቆሙበት ስፍራ ባዶ ነው።